የእድራችንን ዳኛ ዘር ላስታወቁን ለታንኳ ሚዲያ ዋና አዘጋጅ

ለተከበሩ አቶ ጥዑመ ልሳን፣ የታንኳ ሚዲያ ዋና አዘጋጅ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎ እንዴት ሰንብቷል? ሰሞኑን በሬዲዮም በዩቲዩብም ስለ እኛ ብዙ ስለ ተናገሩ፣ ትንሽ ሳይደርቅብዎ እንዳልቀረ ገምቼ አስቤልዎታለሁ። እኛ የዓባይ ማዶ ሰዎች እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እርስዎ እንደ ዘገቡት ከሆነ ግን ደኅና አይደለንም፤ «ውጥረት ውስጥ» ነን። ውጥረት ውስጥ መሆናችንን የሰማነው ከእርስዎ ነውና ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ስሜ የብርጓል ይባላል። ዕድሜዬን በፋብሪካ ጸሐፊነት፣ ለአለቆች የአክብሮት ደብዳቤ ስጽፍ አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን የሠፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ከዚህ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ማኅተሙ እንኳ ቀለም ከጨረሰ ሰንብቷል።

ባለፈው ወር አዲስ ዳኛ መረጥን። የቀረቡት ዕጩዎች ሁለት ነበሩ። አቶ አዘዘ «የፕላስቲክ ወንበር ይገዛ» አሉ፤ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አቶ መልካሙ ደግሞ «መጀመሪያ ድንኳኑ ይጠገን» አሉ። ነገሩ ቀላል ክርክር አልነበረም። ክረምት ላይ በአንድ ለቅሶ ድንኳኑ አፍስሶ፣ ለቀስተኛው ሟቹን ትቶ ለራሱ ያለቀሰበትን ቀን ማንም አልረሳውም። በመጨረሻ ድንኳን ወንበርን አሸነፈ፤ አቶ መልካሙም ዳኛ ሆኑ፤ እኛም ወደየቤታችን ገባን።

በማግስቱ የእርስዎ ሚዲያ «የእገሌ ብሔር ተወላጅ በባሕር ዳር እድር ተቆጣጠረ» የሚል ዜና አወጣ። እርስዎ «እገሌ» አላሉም፤ ብሔሩን በጉልህ ፊደል ጽፈውታል። እኔ አልደግመውም። ብሔሩን ፍለጋ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ካለ እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል፤ እስከ መጨረሻው ቢያነብ አያገኘውም።

ቅሬታዎቼን በለመድሁት ሥርዓት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በዜናዎ ውስጥ የአቶ መልካሙ አባት የተወለዱበት አገር አለ፣ የአያታቸውም አለ። «ድንኳን» የሚለው ቃል ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ የለም። ይህ የእድራችን ዕጣ ብቻ አለመሆኑን ስለማውቅ ብዙም አልከፋኝም። አንድ ባለሥልጣን በተሾመ ቁጥር እርስዎ የዘር ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ያስረዱናል። ሰውየው ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ምን እንዳሰበ ግን ሳንሰማ እሱም ይሻራል፣ የሚቀጥለውም የዘር ሐረግ ይመጣል። አስፋልታችንም እንደ ተቦረቦረ ይጠብቃቸዋል።

፪ኛ. ከኋላቸው ካርታ ሰቅለው፣ ክራቫት አስረው የቀረቡት የፖለቲካ ተንታኝዎ «ድምፁ የተሰጠው በብሔር መሥመር ነው፤ ለመጪው ምርጫም ጠቋሚ ነው» ብለው በቀይ ቀስት ሠፈራችንን አሳዩን። ሠፈሬን በካርታ ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ስለ ነበር ደስ ብሎኛል። ነገር ግን እድራችን ውስጥ የተባለው ብሔር ሰዎች ሁለት ናቸው፤ አቶ መልካሙና ባለቤታቸው ወይዘሮ ፅጌ ማርያም። በደንባችን ዕጩ ለራሱ እጅ አያወጣም። ስለዚህ የቀረው የብሔሩ ድምፅ የወይዘሮ ፅጌ ማርያም ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ «ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ባሌን ከማጣ ሰዉ ቢረጥብ ይሻለኛል» ብለው፣ ሁላችንም እያየን፣ እጃቸውን ለአቶ አዘዘ አወጡ። ተንታኝዎ ይህን ቢሰሙ በብሔሩ ውስጥ ስለ ተፈጠረው መሰንጠቅ ሌላ ፕሮግራም እንደሚሠሩ አልጠራጠርም። ካርታው አሁንም እንደ ተሰቀለ ከሆነ ቤታቸውን ላሳያቸው ፈቃደኛ ነኝ።

፫ኛ. አቶ አዘዘ በወጉ የተሸነፉ ሰው ናቸው። ወንበር ብለው ተነሡ፣ ሰዉ አልፈልግም አላቸው፣ ተነሥተው አቶ መልካሙን አቅፈው ሳሙ። እርስዎ ግን «የነባሩ ሕዝብ ወኪል» አደረጓቸው። ከዚያ ወዲህ የማያውቋቸው ጎረምሶች በዓባይ ድልድይ ላይ ባጃጅ አቁመው «አይዞን አባቴ፣ እናስመልስልዎታለን» ይሏቸዋል። ሰውየው ግራ ገብቷቸው ቤቴ ድረስ መጡና «ምኑን ነው እሚያስመልሱልኝ? እኔ ምን ጠፋኝና!» አሉኝ። ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው።

፬ኛ. ወቀሳ ብቻ እንዳይመስል፣ ማታ ያቀረቡትን የሙገሳ ፕሮግራምም አንሥቼ ማመስገን ይገባኛል። ዋሽንት እየተነፋ፣ ጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ እያሳዩ፣ አቶ መልካሙን «የአብሮነት ተምሳሌት» አሏቸው። ጋዜጠኛዎ ማይክራፎኗን አስጠግታ «እንደ እገሌ ብሔር ተወላጅነትዎ በመመረጥዎ ምን ተሰማዎት?» ስትል ጠየቀቻቸው። ከፈረቃ መውጣታቸው ነበርና «እንቅልፍ» ብለው መለሱ። ስለ ድንኳኑም ሊነግሯት ጀምረው ነበር፤ ያንን ቆረጣችሁት። ጠዋት የሰደቡትን ሰው ማታ ማሞገስ ትልቅ ልብ ይጠይቃል። በስድቡም በሙገሳውም ብሔሩን ብቻ ማየትም እንዲሁ።

፭ኛ. አምስተኛውን እንደ ሌሎቹ እያሾፍሁ ልጽፈው ሞክሬ እጄ አልታዘዝልኝ አለ። ዜናው በወጣ በሳምንቱ አንዲት ጎረቤታችን ዐረፉ። አቶ መልካሙ ድንኳኑን አስጠግነውት ነበርና ዝናቡ ቢወርድም አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሰዉ ግን እየገባ ለየብቻ ተቀመጠ። ለፋብሪካና ለኮሌጅ ሥራ ከሌላ አገር የመጣው በግራ፣ እዚሁ የተወለደው በቀኝ። ያዘዛቸው የለም፣ የተጣላ የለም። መሐል ላይ ክፍት ቦታ ነበር፤ ቡና የምታቀርበው ልጅ እንኳ ከየትኛው እንደምትጀምር ጨንቋት ቆመች። በዚያ ድንኳን ውስጥ ስንት ዓመት ትከሻ ለትከሻ ስናለቅስ ኖረናል። ያን ቀን አፈርሁ፤ ተናደድሁም፤ አሁንም እንደ ተናደድሁ ነው።

አቶ መልካሙ ክፍቱን ቦታ አዩት። ከዚህ በፊት ስሙን ከማልጠራው ከተማ፣ ጨቅላ ልጃቸውን አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልለው ሌሊት የወጡ ሰው ናቸው። «እዚያም እንዲህ ነበር የጀመረው» አሉኝ በማግስቱ። «መጀመሪያ በሬዲዮ ማን እንደሆንሁ ለጎረቤቶቼ ነገሩልኝ። ጎረቤቶቼ ግን ያውቁኝ ነበር።» ከዚያ የዳኝነቱን መልቀቂያ ሰጡኝ። ከፋብሪካው ዝውውር ጠይቀዋል፤ ቤታቸውንም ገዢ እያየው ነው። አቶ አዘዘ በበኩላቸው «በሰው መባረር የሚገኝ ወንበር ላይ አልቀመጥም» ብለዋል። እድራችን ዳኛ አልባ ሊሆን ነው፤ እኔም ጥሩ ጎረቤት ላጣ ነው።

መልቀቂያው ለመጪው እሑድ ጉባኤ ይቀርባል። ከዚያ በፊት በትሕትና የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንኑ ዜና በያዘው ሰዓትና በያዘው ፊደል ልክ፣ «አቶ መልካሙ የተመረጡት ድንኳን ሊያስጠግኑ ነው፤ ድንኳኑም ተጠግኗል» ብለው ይንገሩልን። ብሔራቸውን ይስደቡልን አላልንም፤ ያሞግሱልንም አላልንም። እንዲህ ያለ ዜና ተመልካች እንደማያመጣልዎ እናውቃለን። እሑድ ዕለት ግን አንድ ቤተሰብ ዕቃውን እንዳይጭን ሊያደርግ ይችላል።

ሳንጠይቅዎ ስላጠኑን፣ ሳንጣላ ስለ ለያዩን፣ የማናውቀውንም ማንነታችንን ስላሳወቁን፣ በጠቅላላው የእድሩ አባላት ስም፣ በግራም በቀኝም በተቀመጡት፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ዕድሜው ድንኳን ሳያስፈልግዎ የሚኖሩት ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የብርጓል
የእድሩ ጸሐፊ፣ ዓባይ ማዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወደ ሠፈራችን ብቅ ካሉ ቆይተዋልና ላያውቁ ይችላሉ፤ እናትዎ ወይዘሮ አገርነሽ የእድራችን አባል ናቸው። ለአቶ መልካሙ መጀመሪያ የወጣው እጅ የእሳቸው ነበር፤ ተንታኝዎ በየትኛው መሥመር እንደ ቆጠሯቸው ቢጠይቁልን። መልቀቂያውን ሲሰሙ ያሉትን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እንዳደርስልዎ አስምለውኛል፦ «ልጄን እንዲህ በይልኝ፤ መልካሙን ካባረረ የኔን ድንኳን ራሱ መጥቶ ይትከላት።»