ከመዝገቡ የማይወጣው ገጽ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ ቃሊቲ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰይፈሥላሴ፣ ሰመራ

ሰይፌ፣ እንደምን ከረምክ? የመንገድ ሥራው፣ ያ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔና ሚራክል ተመስገን ደህና ነን። የፊት ጥርሷ ተነቅሏል፤ "ለአባቢ ንገሪልኝ" ብላኛለች።

የፍቺ ማመልከቻ ካስገባሁ ወዲህ የምንነጋገረው በፍርድ ቤት ወረቀት ብቻ ሆኗል። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ዓሊያ ነው። ከእኛ በታች የምትኖረው የስልጤዋ ልጅ ትዝ ትልሃለች? የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ማመልከቻዬን የተቀበለችኝ፣ በየገጹ ቁጥር ጽፋ ማኅተም የመታችበት እሷ ናት። መስኮቱ ላይ "እርስዎ" አለችኝ። ማታ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ደግሞ እንደ ወትሮዋ "ሊዲያዬ" ብላ ሚራክልን ሳመቻት። ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ግን ጎረቤቱ ሁሉ የሰማ እየመሰለኝ ስሸሻት ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት እህትህ እትዬ ብዙወርቅ ተቆጥተው መጡ። ስለ ወንድማቸው ምን እንደጻፍኩ ለማየት ዓሊያን ቢሮዋም ቤቷም ድረስ ሄደው ለምነዋት ኖሯል። ባለጉዳይ ካልሆኑ መዝገቡን እንደማታሳይ ነግራ መለሰቻቸው። ገመናችንን ይህን ያህል ጊዜ ይዛልን እንደኖረች የገባኝ ያኔ ነው።

ሰኞ መዝገብ ቤት ሄጄ በንዴት ስለ አንተ የጻፍኩበትን ሦስተኛውን ገጽ እንድታወጣልኝ ለመንኳት። ምን እንደሚል ታውቀዋለህ። ሚራክል አድጋ እንድታነበው አልፈልግም። ዓሊያ እስክጨርስ አዳመጠችኝና፣

"መዝገብ ውስጥ የገባ ወረቀት አይወጣም። ዛሬ ለእርስዎ ካወጣሁ፣ ነገ ሌላ ሰው ለምኖኝ የእርስዎን አወጣለሁ" አለችኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ንዴቴ ወደ አክብሮት ተለወጠብኝ። እትዬ ብዙወርቅን የመለሰችው በዚሁ አንደበቷ አይደል? ተመልሼ ምን እንደሚሻለኝ ጠየቅኳት። ማውጣት ባይቻልም መጨመር እንደሚቻል፣ ማመልከቻዬን ትቻለሁ ብዬ ከጻፍኩ ተቀብላ ከመዝገቡ ጋር እንደምታያይዘው፣ የሚወስነው ግን ዳኛው እንደሆነ አስረዳችኝ። አድርጊውም፣ ተይውም አላለችኝም። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ በመውደቃችን አምላኬን አመሰገንኩ።

ወረቀቱን ጽፌዋለሁ፤ ገና አልሰጠኋትም።

ቀጠሯችን መጋቢት አምስት ጠዋት ነው። በዚያው ቀን ስትሮጥ ከምትደርስ ቀደም ብለህ ብትገባ ይሻላል። የቤቱን ቁልፍ አልቀየርኩትም።

በበረሃው መንገድ እመቤቴ ጥላ ትሁንህ።

የሚራክል እናት
ሊዲያ