አቻ መውጣት ስለሚያስገርፍበት የኮምፒዩተር ክፍል

ለተከበሩ፣ ለተፈሩና ቁጣቸው ከእግራቸው ቀድሞ ለሚገባ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀኝ ክንድዎ እንዴት ሰንብተዋል? በአንድ ክፍለ ጊዜ የአርባ ልጅ መዳፍ መግረፍ ለትከሻ እንደማይበጅ፣ ዕድሜ ልኬን መዶሻ ሳነሳ የኖርኩ ድንጋይ ጠራቢ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ በሞቀ ውሃ እንዲያሹት በታላቅ አክብሮት እመክራለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍልኝ ምራቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ እጇ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ግን «አባባ፣ ይቺ ትለስልስ» ትለኛለች። አትለስልስም ብያታለሁ። ደብዳቤው ታሽጎ መሳቢያዎ ውስጥ እንዳይተኛም በትምህርት ቤቱ በር፣ በፀጉር ቤቱ መስታወትና በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስለጥፌዋለሁ።

ጉዳዬ የልጅ ልጄ ናት። ቀጭን ስለሆነችና ስለምትወጋ እኛ ቤት «ስንጥር» እንላታለን። እርስዎ የፊታችን ዓርብ ኮሚቴ ሰብስበው «ተማሪ በማሳመጽ» ሊያባርሯት የተዘጋጁት ልጅ ናት። የሰፈሩ ሰው አመጿን በቅጡ እንዲያውቀው ከሥሩ ላስረዳ። ምራቴ በቁጥር ይሁን ስላለች በቁጥር ይሁን።

አንደኛ፣ ስለ ጨዋታው አመሰግናለሁ። እኔ የጨዋታ ጠላት አይደለሁም፤ ጢሜ የሸበተው ዳማ ላይ ነው። ልጅ ሒሳብን በጨዋታ ይማራል ሲባል «እንዴታ» ካሉት አንዱ ነኝ። ዕቃ ቤቱ ተጠርጎ ኮምፒዩተሮቹ የገቡ ቀን፣ ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ሲገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ የኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ ጎራዴ የያዙ ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ የማባዛት ጥያቄ ይመጣል። የመለሰ ነጥብ ይጨመርለታል፣ የተሳሳተ ይቀነስበታል፣ ደወሉ ሲጮህ ብዙ ነጥብ ያለው ያሸንፋል፣ የተሸናፊው ሰውዬ አንገቱ ተቀንጥሶ ይወድቃል። ስንጥር መጥታ «አባባ፣ ዛሬ ድንቡሼን ገደልኳት» ስትለኝ ሳቅሁ። ድንቡሼ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ፣ የወንበር ጓደኛዋ ናት። መስታወት ውስጥ ለሞተ ሰው ድንኳን አይተከልም ብዬ ነው የሳቅሁት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጎማው አብልጬ አመሰግናለሁ። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች የረሱትን እርስዎ አሟሉት፤ ክንድ የሚያህል የውሃ ጎማ ቁራጭ ይዘው መጥተው፣ ያሸነፈ የተሸነፈውን ይግረፍ፣ «እልህ ካልገባ ሒሳብ አይገባም» ብለው ደነገጉ። ስንጥር አሸነፈች። ጎማውን አንስታ የጓደኛዋን መዳፍ አቧራ እንደምታራግፍ ነካ አደረገችው። እርስዎም በአባታዊ ትዕግሥት «እንዲህ ነው የሚመታው» ብለው አንዱን በድንቡሼ ጀርባ፣ አንዱን በስንጥር ጭን ላይ አሳረፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስታሸንፍ ስንጥር ተምራ ነበር። አምርራ መታች። የድንቡሼ መዳፍ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። እንዴት ያሉ መምህር ነዎት፤ ማባዛት ሦስት ወር የፈጀባት ልጅ መግረፍ በአንድ ቀን ገባት የሚባልልዎ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ጨዋታዎ ከክፍል ወጥቶ ቤታችን ስለገባ ነው። ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ፀጉር አስተካካዩ በራችንን በእግሩ ከፈተው። «ልጄን የገረፋት ማነው?» አለ። ልጄ፣ የስንጥር አባት፣ በያጅ ነው፤ «የልጆች ነገር ነው፣ ተወው ወንድሜ» አለው። በዚያ ሰዓት ተወው ማለት እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ሰውዬው በርጩማ አነሳ። የልጄ ቅንድብ ተተርትሮ ደም ዓይኑን ሞላው፤ ልጄም በዳበሳ በሰነዘረው ጡጫ የሰውየውን ሁለት የፊት ጥርስ አራገፈ። እኔ ላገላግል መሐል ስገባ ጎድኔን ማን እንደመታኝ እስካሁን አላወቅሁም። ሁለቱም «እኔ አይደለሁም፣ አባት» ይላሉ፤ የጎድን አጥንቴ ግን አንደኛው ውሸታም መሆኑን ያውቃል። ስንጥር ይህን ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ አየች። ማሸነፍ ምን እንደሚያስከትል በዓይኗ ስላሳዩዋት ውለታዎ አይረሳም።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር አይሰጠው፤ ኩራት ነው እንጂ ቅሬታ አይደለም። በማግስቱ ሁለቱ ልጆች እንደገና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስንጥር ፈጣን ናት፣ ድንቡሼ ትዘገያለች። ስንጥር በአንድ ዓይኗ የራሷን፣ በአንድ ዓይኗ የጓደኛዋን ነጥብ እየተከታተለች፣ ስትበልጥ አውቃ እየተሳሳተች፣ ስታንስ እየመለሰች፣ ደወሉ ሲጮህ ሁለቱን እንደ ሚዛን እኩል አድርጋ አቆመቻቸው። መስታወቱ «አቻ» ብሎ ጻፈ። ጎራዴዎቹ ወረዱ። ገራፊም ተገራፊም ጠፋ። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም፤ «ማሸነፍ እየቻልሽ?» ብዬ ተቆጣኋት። «አባባ ደግሞ፣ ማሸነፍ ምን ያቅታል? የራስን መቁጠር ነው። አቻ ለመውጣት ግን የሷንም መቁጠር አለብኝ» አለችኝ። ዘዴውን ለክፍሉ ልጆች ሁሉ አሳየቻቸው፤ የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ከዳር እስከ ዳር መስታወቱ ሁሉ «አቻ»፣ «አቻ»፣ «አቻ» ይል ጀመር። እርስዎ ዕቃው ታመመ ብለው ጠጋኝ አስጠሩ። ጠጋኙ ገመዱን ነቅሎ ሰክቶ «ጌታዬ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የተስማሙት ልጆቹ ናቸው» ብሎ ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም።

አራተኛ፣ ጠጋኙን ሸኝተው የብረቱን በር ከውስጥ ቆለፉት። ልጆቹን አሰልፈው ገረፉ። ጎማው ሲሰነጠቅ ቀበቶዎን ፈቱ። አንዱ ካልሲው ላይ ሸና፣ አንዷ ጠረጴዛ ሥር ገባች፣ ከዚያም በእግሯ ጎትተው አወጧት። ያኔ ስንጥር ከሰልፉ ወጥታ «ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ እነሱን ይተዋቸው» አለች። ለእሷ ቀበቶው አላጠገብዎትም፤ በጥፊ አሏት፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ተቀበላትና ወደቀች። ደግፋ ቤት ያደረሰቻት ድንቡሼ ናት፣ በዚያ ባበጠ እጇ። ዓርብ ለኮሚቴው የሚቀርበው የማባረሪያ ወረቀት በማግስቱ ደረሰን። ደም ሳይደርቅ ወረቀት የሚያደርስ መሥሪያ ቤት ብርቅ ነው፤ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አሁን ሁለቱ አባቶች ታርቀዋል፤ ያስታረቃቸው እርስዎ ነዎት። ፀጉር አስተካካዩ በጎደለው ጥርሱ እያፏጨ ምን እንዳለ ይስሙ፤ «ሰውዬው እኮ ደንበኛዬ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይኑን ጨፍኖ ጉሮሮውን ይሰጠኛል።» ምራቴ ይህን አልጽፍም ብላ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር። ጻፊው፣ ምላጭ አያስፈልግም ብዬ እንደከለከልኩትም ጨምሪበት አልኳት። በያጁ ልጄ የክፍሉን በር ከነመቃኑ ልገንጥለው ብሎ ነበር፣ እሱንም ከለከልኩ። እኔ ራሴ መዶሻዬን ሁለት ጊዜ ከግድግዳ አውርጄ ሁለት ጊዜ መልሼ ሰቅያለሁ። ያስቆመን የእርስዎ ማዕረግ አይደለም። ስንጥር ከተኛችበት ቀና ብላ «ከመታችሁትማ የሱን ሕግ ተቀበላችሁ» ስላለች ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ዓርብ ዕለት ያን ወረቀት በልጆቹ ፊት ይቅደዱት፤ የልጅ ዕድል ለውርርድ አይቀርብምና መጀመሪያ ይቀደድ። ከዚያ የብረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ወላጆች ሁሉ ቆመው እያዩ፣ እርስዎም እንደ ልጆቹ ጫማዎን አውልቀው ከስንጥር ጎን ይቀመጡና ይጫወቱ። ካሸነፏት እኔን ይግረፉኝ፤ ጀርባዬ ሰፊ ነው፣ ድንጋይ ተሸክሟል። ብሸነፍስ ብለው ግን አይስጉ፤ ልጅቷ አትገርፍዎትም፣ ልታሸንፍዎትም አትፈልግም። የፈለጉትን ያህል ቢሳሳቱ፣ እሷም ተሳስታ፣ ተሳስታ፣ እርስዎ ያሉበት ድረስ ትወርድልዎታለች፤ ደወሉ ሲጮህ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጋር አቻ ሆነው ይነሳሉ። ወንበሩን ከያዙ ወዲህ ያን ያህል ከፍ ብለው የሚታዩበት ቀን የሚኖር አይመስለኝም።

መዶሻ ያደነደነውን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ የተመታው ጎድኔ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣ ክብርዎ ካለበት እንዲገኝ እየተመኘሁ፣ በአውራ ጣቴ የፈረምኩ፣

የስንጥር አያት፣ ድንጋይ ጠራቢው

ማሳሰቢያ፦ ምራቴ ጽፋ እንደጨረሰች ልጅቷ ከሐኪም ቤት ተመለሰች። የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል፤ ከእንግዲህ በዚያ በኩል መስማቷን እንጃ ተብሏል። ስለዚህ ዓርብ ይቅርታ ሲጠይቋት በቀኟ በኩል ይቁሙ። በግራዋ ከቆሙ አትሰማዎትም፤ እኛ ደግሞ ከኋላ ቆመን እሷ ያልሰማችውን እንዳልተባለ ነው የምንቆጥረው።