የኋላ ግራ እግር

ጎሬ
ጥቅምት 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ባለቤቴ ለሰይፈ ሚካኤል፣

እንዴት ሰነበትክ? የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ጥቅምት ቢጋመስም ጎሬን ዝናቡ አልለቀቃትም፤ ግቢው ጭቃ ነው፣ ልብስ አይደርቅም። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ እንጣላለን። ከዚያ ወይ አንተ ኔትወርክ የለም ትላለህ፣ ወይ እኔ እዘጋብሃለሁ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። እንድሪስ ሾፌሩ ነገ ወደ ሚሌ ጭኖ ስለሚሄድ በእጁ ልኬልሃለሁ።

ስለ መኪናዋ ልጀምር፣ እሱ ይቀለኛል። ኮሮላህ ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫ መብራት አብርታ አልጠፋ አለችኝ። ኤ ቢ ኤስ የሚለው ነው። የበራው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስወጣ ነው። ከግቢ ላወጣት ስል ያዝ አደረገችኝና መልሳ ለቀቀችኝ። ጭቃው ነው ብዬ ነዳጅ ጨመር አድርጌ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ስደርስ መብራቱ አፍጦ ያየኛል። አጠፋሁ፣ አስነሳሁ፣ አሁንም አለ። ከጎሬ ወደ መቱ ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ፤ በየጠመዝማዛው ፍሬኑን እየሞከርኩ፣ ከኋላዬ ሚኒባስ ጥሩንባ እየነፋብኝ ወረድኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ዕረፍት አጣሁ። የፍሬን ዘይቱን አየሁ፣ ሙሉ ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ ስለ መኪናዋ አስባለሁ፣ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ አባትህ አስባለሁ። ቀን ቀን አባባን የምታይልኝ ገለኔ «ፕላስተር ለጥፊበትና ተገላገይው» አለችኝ። እንደሷ የሚያደርግ ብዙ ሰው አለ፣ አምፖሉን የሚነቅልም አለ። እኔ ግን የተሸፈነ ነገር ይብስብኛል። አንተ ደህና ነኝ ስትለኝም እንደዚያው ነው የሚያደርገኝ።

ደግሞ የዚያኑ ሳምንት አባባ ቤቱን ሲያተራምሱት ሰነበቱ። ከአልጋ ሥር ገብተው ይፈልጋሉ፣ የማገዶውን ክምር ያፈርሳሉ። «ምን ጠፋዎት?» ስላቸው «የኔ ነው፣ እኔው አገኘዋለሁ» ይሉኛል። መርሳታቸው ብሶባቸዋል፣ ሰይፈ። በስልክ ስታናግራቸው በደንብ ይመልሱልሃል፤ ስልኩ እንደተዘጋ ግን ማን እንደደወለ ይጠይቁኛል። ገለኔን አንዳንዴ በእናትህ ስም ይጠሯታል፣ እሷም ምስኪን አቤት ትላለች።

ይህን እየጻፍኩ ተነስቼ በመስኮት መኪናዋን አይቼ ተመለስኩ። ቆማለች። ምን አስነሳኝ?

ቅዳሜ መቱ ወርጄ ቀጀላ ጋራዥ አስገባኋት። የድሮ መካኒክህ ነው፣ ሰላም ይበሉልኝ ብሎሃል። ነድቶ ሞከራትና «እትዬ ሳያት፣ ፍሬኑ ይይዛል» አለኝ። «ጭቃ ላይ በድንገት ሲረግጡት ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ነው ሥራ ያቆመው። ቀስ ብለው ከነዱ ራኮ ሂንቀቡ።»

«ችግር ከሌለው መብራቱ ምን ይሠራል? ምኑ እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ልንዳ?» አልኩት።

«እሷው ትንገረና» ብሎ ሳቀ። ኮፈኗን ከፍቶ አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቁራጭ ሽቦ ሰካና ቁልፉን አዞረ። ያ ሲያፈጥብኝ የሰነበተ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሦስት ጊዜ፣ ቆም ብሎ ደግሞ አራት ጊዜ። እንደገና ያንኑ። «የኋላ ግራ» አለኝ፣ «የዚያ ጎማ ሴንሰር ነው።» ሴንሰር የሚለው ጎማው መዞሩን የሚቆጥር ከጀርባው የተቀመጠ ነገር ነው፣ ቀጭን ሽቦ አለው።

በክሪክ አነሳትና ጎማውን ፈታው። እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ በጭቃ የተለወሰ ጠፍር ጎትቶ አወጣ፤ ሲፈታው ሲፈታው አያልቅም። ጫፉ ላይ ካስማ ታስሯል። ጠፍሩ ከጎማው ጀርባ ተጠምጥሞ የሴንሰሩን ሽቦ በጥሶታል፣ ሴንሰሩንም ሰብሮታል። «ይሄን ማን አሰረው?» አለኝ። ጠፍሩን አውቀዋለሁ። አባባ በወጣትነታቸው ወደ ጋምቤላ ቡና ሲያወርዱ በቅሎዎቻቸውን ያስሩበት የነበረው፣ ከአልጋቸው በላይ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠለው ነው።

ቤት ስገባ ጠፍሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አንስተው አሹት፣ ደስ አላቸው።

«አባባ፣ መኪናዋን ያሰሯት እርስዎ ነዎት?»

«የኋላ ግራ እግሯን ነው የማስራት» አሉኝ። «በፊት እግር የታሰረች በቅሎ ካስማውን ጎትታ ትነቅላለች። ደግሞ ጠዋት ሳትነሺ እፈታታለሁ። የዚያን ቀን ጉንፋን ጣለኝና እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«መኪና እኮ በራሷ አትሄድም» አልኳቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። እንደዚያን ጊዜ ዓይናቸው ጠርቶ አይቼው አላውቅም። «ሻንጣሽን ከቁም ሳጥን ላይ ስታወርጂ አይቻለሁ። ሰይፈም እንደዚሁ ነው ያወረደው። እሱን ሳላስረው ነው የሄደብኝ።»

ሰይፈ፣ ስለ ሻንጣው አሁን ልንገርህ። የጅማ ዝውውሬ ተፈቅዷል። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ሥራ ጀምሪ ተብያለሁ። እህቴ ቤት አዘጋጅታልኛለች። ለማንም አልነገርኩም፣ ለአንተም። ሁለት መስቀል ጠበቅኩህ፤ የመጀመሪያውን ሥራ በዛ አልከኝ፣ የዘንድሮውን ጭራሽ አልደወልክም። የምጠብቀው ሰው እንደሌለኝ ቆጥሬ ነው ያመለከትኩት። ተናድጃለሁ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው። ግን አባትህን ምን ላድርጋቸው? እዚህ ግቢ ውስጥ እንኳ መንገድ እየጠፋቸው ጅማ ልውሰዳቸው? ለገለኔ ትቻቸው ልሂድ? ጠዋት እሄዳለሁ እላለሁ፣ ማታ እቀራለሁ እላለሁ። ሻንጣው ወለሉ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ አንድ ቀን ልብስ እከትበታለሁ፣ በማግስቱ አወጣዋለሁ።

አሁን የምጠይቅህን ስማኝ። ሴንሰሩ መቱ የለም፣ በደሌም አስጠይቄ አጣሁት። ቀጀላ አዲስ አበባ እንደሚገኝ ነግሮኛል። የኋላ ግራ በል፣ እንዳትሳሳት። ገዝተህ ለእንድሪስ አትስጠው፣ በሌላ ሰውም አትላከው። ራስህ ይዘኸው ና። ከኅዳር ሚካኤል በፊት ና። ከመጣህ በኋላ እኔና አንተ የምንባባለውን እንባባላለን፤ መጀመሪያ ግን አባትህ በዓይናቸው ይዩህ፣ ገና ማን እንደሆንክ ሳይጠፋቸው።

እስከዚያው መብራቱ እንደበራ ነው፣ እኔም ቀስ እያልኩ እነዳለሁ፣ አታስብ። ቀጀላ የተረፈውን ሽቦ ጥሩ አድርጎ ጠቅልሎ አስሮልኛል።

ገለኔ ሰላም ብላሃለች። አባባ ደግሞ ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፣ ለሰይፈ ስላቸው «ንገሪው፣ ቡናው ደርሷል» አሉ። የእናትህ ጸሎት ይከተልህ፣ ስሙን የተሸከምከው መልአክ ከዚያ ሙቀትና ከመንገድ አደጋ ይጠብቅህ፣ በሰላም መልሶ ለደጃችን ያብቃህ።

ባለቤትህ
ሳያት

ይድረስህ ብዬ አጥፌው ነበር፣ መልሼ ከፈትኩት። ማታ ማታ መኪናዋን የማቆመው የኋላ ግራ ጎማዋን ከአባባ በር ፊት ለፊት አድርጌ ነው፤ ሲያስሩ ጭቃ ውስጥ እንዳይገቡ። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ ወጥቼ እኔው እፈታዋለሁ። ትናንት ግን ፈትቼ ስጨርስ ጠፍሩን ይዤ ብዙ ቆምኩ፣ ሥራም አረፈድኩ።