ከወለላችን በታች

ጥቅምት 5
አማቴ መጡ። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ትራስ። «ብዙ አልቆይም» አሉ። ትራስ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን…
የትምህርት ቤቱን መጋረጃ መስፋት ጀመርኩ። ከቤታችን ሥር ያለው የሥጋ መጋዘን አዲስ ማራገቢያ አስተከለ። ሲቀጠቅጡ ዋሉ።

ጥቅምት 9
ደረቴን የሆነ ነገር ተጫነኝ። ሕመም አይባልም። ሰው ከኋላዬ ቆሞ ስፌቴን የሚያይ ይመስለኛል። ዞር ስል ማንም የለም። አንዳንዴ አማቴ ናቸው።

ጥቅምት 14
ሐኪሙ አዳመጠኝ፣ ደም አስወሰደ። ምንም የለብሽም አለ። «ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?»
አለ አልኩት። አማቴ ትራስ ይዘው መጥተዋል።

ጥቅምት 15
ለባሌ ነገርኩት።
«እናቴ ምን አደረገችሽ?»
ምንም።
«ታዲያ?»
ታዲያ ምን ልበለው? «እሳቸው ከመጡ ወዲህ ጀመረኝ» አልኩት። ፊቱን አዙሮ ተኛ።

ጥቅምት 18
አማቴ ታናሽ ልጃቸው ቤት ሄዱ። ባሌ ሻንጣውን ተሸከመ፤ አላየኝም። ነግሯቸው ይሆን? ትራሱን ራሳቸው አቅፈው፣ «በስፌት ዓይንሽን አትጉጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

ጥቅምት 20
ደረቴ እንዳለ ነው።

ጥቅምት 21
የልብስ ስፌት ማሽኑ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ያለው የስፒል ቆርቆሮ ግን ቀስ እያለ ወደ ጠርዙ ሄዶ ወደቀ። ማንም አልነካውም። አማቴም የሉም።
ውሃ በብርጭቆ አስቀመጥኩ። ውሃው ይንቀጠቀጣል።
ከታች ነው የሚመጣው፤ ወደ መጋዘኑ ወርጄ ስለ ማራገቢያው ተናገርኩ።

ጥቅምት 23
መካኒክ መጣ። ማራገቢያውን ሲያጠፋው ከደረቴ ላይ አንድ ነገር ተነሣ።
«ድምፅ እኮ አልነበረውም» አልኩት።
«አለው፣ እትዬ። ጆሮ አይደርስበትም እንጂ።»
«ሰው ያሳምማል?»
«ያሳምማል የሚሉ አሉ። የሚስቁም አሉ። እኔ ብሎን ነው የማጠብቀው።»
አጠበቀ። አስነሣው። ውሃው ዝም አለ።
ተመስገን ልል አልኩና… አማቴ ትዝ አሉኝ።

ጥቅምት 24
አማቴ ዘንድ ሄድኩ። ባሌ አብሬሽ ልምጣ አላለም። ማራገቢያውን፣ ብሎኑን፣ እሳቸውን መጠርጠሬን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መሬት መሬቱን እያየሁ።
እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።
«እኔንም ደረቴን ይጫነኝ ነበር።»
«ምነው ሳይነግሩኝ?»
«ምን ብዬ? ልጄን ውሰደኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። ሕመሙ ካንቺ የመጣ መስሎኝ።»
ማን ቀድሞ እንደሳቀ እንጃ።
ስንወጣ ሻንጣውን እሳቸው ያዙ። ትራሱን እኔ።