ለእናትሽ ጋን የሚበቃ ገንዳ

አስካለ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ብዕሩን አነሣሁና ተውኩት፤ መልስ እንደማይመጣ እያወቁ መጠየቅ የልጅ ሥራ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል፣ ዓይኔ ግን ገና መስመር ይለያል። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ፊደል የለየሁት የኔታ ዘንድ ተቀምጬ አይደለም። ቄሶቹ በወረቀት ጽፈው የሚሰጡኝን የሟች ስም መቃብር ድንጋይ ላይ ስቀርጽ፣ አንዱን ፊደል ካንዱ እያስተያየሁ ነው። እጄ ከድሮም የለመደው ለሞተ ሰው መጻፍ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ከኛ በላይ ያለው፣ በግ ታስሪበት የነበረው ሜዳ አሁን ሜዳ አይደለም። ጣልያኖቹ ለሹሞቻቸው ቤት እየሠሩበት ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ በረድፍ በረድፍ፣ ከሩቅ ሲያዩት ሰው ገና ያልተቀበረበት መቃብር ይመስላል። ሰፈሩን ካዛንቺስ ይሉታል። ሠራተኛውም ተቀብሎ ይለዋል፤ እኔ አልለውም። በመስከረም አንድ አስተርጓሚ ከሁለት ወታደር ጋር መጣና በራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፈ። ቁጥር ያለበት ቤት ለኅዳር ሚካኤል ተለቅቆ ይፈርሳል። ያገሬው ሰው ወደ ምዕራብ፣ ገበያ ወደሚሠሩለት ቦታ ይሂድ ተብሏል። ልጃችን ዘነበች ከባሏ ቤት አንድ ክፍል አጽድታልኛለች። እሺ አላልኳትም፣ እምቢም አላልኳት።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ቤቱ አይደለም። ስለ ገንዳው ነው።

ጣልያን ሳይገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው የነገርሽኝን አልረሳሁም። ጠላ እየሸጥሽ ቤት ትደጉሚ ነበር። የእናትሽን ትልቁን ጋን መሬት ላይ አጋድመሽ ስታጥቢ ወገብሽን እየያዝሽ ትነሺ ነበር። አንድ ቀን ምሳዬን አቀረብሽና እጅሽን በቀሚስሽ እየጠረግሽ፣ «አንቱ ለሞተ ሰው ሁሉ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ እኔ በቁሜ አንድ ቢጠርቡልኝ ምን ይላሉ?» አልሽ። ማድ ቤት ውስጥ የሚቆም፣ ጋን የሚያስተኛ የማጠቢያ ገንዳ። ሳቅሁ። ከዚያ እሠራለሁ አልኩ።

ድንጋዩን እኔ መረጥኩ። ነጩን፣ ለስላሳውን። አንቺ ጥቁሩ ይሁን አልሽ። ሁለት ስባሪ ከግቢ አምጥተሽ ፊቴ አስቀመጥሽና በያንዳንዳቸው ላይ ውኃ ጠብ አደረግሽ። ነጩ ጠጣው፣ ጥቁሩ ላይ ውኃው ቁጭ አለ። «ውኃ የጠጣ አተላም ይጠጣል፤ አተላ የጠጣ ይሸታል» አልሽኝ። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ የጠረብኩት እኔ ነኝ ብዬ መለስኩልሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ነጩን የመረጥኩት ለመሮ ስለሚቀል ነበር። ጥቁሩ ወራት ይፈጃል። ይህን ያኔ አልነገርኩሽም።

ልኩንም እኔ ለካሁ። ጋኑ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ዙሪያውን በገመድ ይዤ፣ ለሆዱ የሚበቃ ስፋት አወጣሁ፤ በእኔ ቤት ልክ ነው። ጋን ቆሞ እንደማይታጠብ አላውቅም ነበር። እንዴት ልወቅ? አባቴ ማድ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ አያቴም አልገባም፤ እኔም አንድ ቀን ጓዳሽን ረግጬ አላውቅም። የማድ ቤት ዕቃ ልሠራ ተነሥቼ ማድ ቤት መግባት ነውር ሆነብኝ። ደጅ ቆሜ «የት ላቁመው?» ብዬ ጠየቅሁሽ፣ ያሳየሽኝ ቦታ ላይ ሌሎች ሰዎች አስገብተው አቆሙት። ያን ዕለት ጋኑን ልታስተኚ ሞከርሽ፤ አንገቱ ከጠርዙ ላይ ወጣ፣ ሆዱ ተሰነቀረ። ከደጅ ሆኜ ሰማሁት። ሸክላ ድንጋይ ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ አውቃለሁ። ወጥተሽ የምትናገሪ መስሎኝ ቃል አዘጋጅቼ ጠበቅሁሽ። አንቺ ግን ወጣሽና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመዋል» አልሽኝ።

ከዚያ በኋላ ጌሾ ዘፈዘፍሽበት። ቀጥሎ ሽታው አስቸገረሽና ለዶሮ ውኃ አደረግሽው። እኔ ዝምታሽን እንደ መርካት ቆጠርኩት። ጋኑን በጀርባሽ አዝለሽ ወንዝ ትወርጂ ጀመር፤ ይህንንም ሴቶች ወንዝ ዳር ማውራት ይወዳሉ ብዬ አለፍኩት።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር። ከወንዙ ረጥበሽ ተመለስሽ፣ በማግስቱም ሄድሽ። ማሳል ጀመርሽ። ጎኔን ወጋኝ አልሽ። ጤና አዳም ታሸልሽ፣ ጠበል መጣልሽ፣ ዘነበች ራስጌሽ ተቀመጠች። በስምንተኛው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ረስተሽ፣ «ተሰማ፣ ጋኑ ወንዝ ዳር ቀርቷል፣ እንዳይሰበርብኝ አምጣው» አልሽኝ። ሄጄ በገዛ ጀርባዬ አዝዬ አመጣሁት። ስመለስ ዘነበች ደጅ ቆማ ነበር። ፊቷን አይቼ ጋኑን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ሌላ የማደርገው አልነበረም።

ለተዝካርሽ ጎረቤት ሁሉ ጋኑን አዋጣ። ያን ቀን ማድ ቤትሽ ገባሁ። ሰው አፍጥጦ አየኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። ጎረቤታችን ብርቄ እጅጌዋን ሰብስባ ከሌሎቹ ጋር ጋን ስታጥብ ቆሜ አየሁ። ያጋድሙታል። አንዷ አንገቱን ትይዛለች፣ ሌላዋ ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ አስገብታ በግራዋ ታሸዋለች፤ ከዚያ ያሽከረክሩታል። ብርቄ ቀና ብላ፣ «አቶ ተሰማ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለችኝ። ልክ ጠፍቶብኝ ነው አልኳት። አልገባትም። ጋን ሲታጠብ የሚፈልገው የቁመቱን ያህል ርዝመት፣ የሆዱን ያህል ስፋት፣ ዙሪያውን ደግሞ ለእጅ የሚሆን አንድ አንድ ጋት ነው። ጥልቀቱ ብዙ ከሆነ ክንድ አይደርስም፤ ከክንድ ያነሰ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ቆሜ ሳይ የተረዳሁት ጠላው ተንቆርቁሮ ሳያልቅ ነው። አንቺ ሦስት ዓመት ታውቂው ነበር። መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረኝ።

በኅዳር ጥቁሩን ድንጋይ በጋሪ አስመጣሁ። ሥራ ሳልጀምር ሁሉንም መረመርኩ፤ ድሮ ማድረግ የነበረብኝን ማለቴ ነው። ዋንዛ እንጨት ይበሰብሳል። ቆርቆሮ ዝገቱ ለጠላ አይሆንም። ከላይ ያሉት ሠራተኞች ሲሚንቶ ይሻላል አሉኝና የደረቀ ቁራሽ ሰጡኝ፤ ሎሚ ጨመቅሁበት፣ አረፋ አወጣ። ሎሚ የሚበላውን ጠላም ይበላዋል። ጥቁሩ ላይም ጨመቅሁ። ምንም አላለም። አንቺ በአንድ ጠብታ ውኃ የጨረስሽውን ነገር እኔ ሳምንት ሙሉ ፈጀሁበት።

ቁመቱ አስቸገረኝ። ገንዳው ወገብሽ ላይ እንዲደርስ ነበር የምፈልገው፣ ወገብሽ ደግሞ የለም። ሳጥንሽን ከፈትኩ። የጥልፍ ቀሚስሽን አወጣሁና ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ መቀነት ያሳሳው ቦታ ይታወቅ ነበር። ከዚያ እስከ ጠርዙ በስንዝር ለካሁ። ቀሚሱን ወዲያው አጥፌ መለስኩት። አጭር ሴት ነበርሽ አስካለ። አብረን ስንኖር ይህን ያህል አጭር መሆንሽን አላስተዋልኩም።

እስከ ነሐሴ ጠረብኩት። ብርቄ በአጥር እያየች፣ «አሁን ነው እንዴ? እሷ ስትለምንዎ እጅዎ ታስሮ ነበር?» ትለኝ ነበር። ምላስዋን ታውቂዋለሽ። እውነቷን ነው፤ መሮዬን አነሣሁ።

በጥቅምት መጀመሪያ የጣልያኖቹ የግንባታ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ግቢያችን ገባ። አስተርጓሚው የልጅ ልጄ ቢሆን የሚያንስ ነው፤ «አንተ» እያለ ያናግረኛል። «እኛ በሲሚንቶ በአንድ ቀን የምናወጣውን አንተ ዓመት ሙሉ ደበደብከው ይላል» አለኝ። ሹሙ ግን መሳቁን አቆመና እጁን ገንዳው ውስጥ አስገብቶ ዳሰሰው፤ ማዕዘኑን፣ ወደ ሽንቁሩ የሚወርደውን ቁልቁለት። ድንጋይ የሚያውቅ እጅ ነው፣ ይህን አልክድም። ለአንድ ትልቅ ሹም ማድ ቤት እንፈልገዋለን አለ። አይሸጥም አልኩ። «የማን ነው?» አለ። የሚስቴ ነው አልኩ። እሷን አናግራት ብሎ አስተርጓሚውን አዘዘ፤ የት እንዳለሽ ነገርኩት፣ ተረጎመ። ሹሙ ባርኔጣውን ነካ። ሆኖም ከመውጣቱ በፊት፣ ቀኑ ሲደርስ በግቢው ቆሞ የተገኘ ሁሉ የመንግሥት ነው አለና ሄደ።

ሌት ተቀን ሌላ አላሰብኩም። ገንዳው በዘነበች ቤት በር አይገባም። ልሰብረው መዶሻ አንሥቼ ነበር፤ ለእነሱ ሹም ሥጋ ከሚታጠብበት ይሻላል ብዬ። መዶሻውን አስቀመጥኩት። አንድ ጊዜ በግትርነቴ ከእጅሽ የቀረ ነገር፣ ሁለተኛ በግትርነቴ ይጥፋ?

ቂርቆስ ግቢ፣ ከደጀ ሰላሙ ጀርባ፣ ሴቶቹ የዝክርና የተዝካር ዕቃ መሬት ላይ የሚያጥቡበት ዳስ አለ፤ መቃብርሽ ከዚያ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አለቃውን ጠየቅሁ፣ ፈቀዱ። አሥራ ስድስት ሰው በአራት አግዳሚ ተሸከመው። ብርድ እንዳይመስልሽ፣ አቧራ እንዳይነካው ጋቢ አልብሼው ነበር፤ በዚህ ምክንያት መንገደኛው ሁሉ አስከሬን መሰለው። አንቺን በወሰድንበት መንገድ ነው የሄድነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ሰው ባርኔጣውን እያወለቀ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ከጎኔ እየተራመደ፣ «ማን ነው የሞተው?» አለኝ። ባለቤቴ ናት፣ ዓምና፣ አልኩት። እስከ ግቢው ድረስ ሸኘን።

ከተተከለ በኋላ ዘነበች የእናትሽን ጋን አመጣች። አስተኛነው። ሸክላው ድንጋይ ሲነካ ያሰማው ድምፅ እንደ ድሮው አልነበረም። ዙሪያውን አንድ አንድ ጋት ተረፈ። እጅጌዬን ሰበሰብኩና ግራዋውን ተቀብዬ እኔው አጠብኩት፣ በሰው ፊት። ብርቄ፣ «ወንድ ጋን ሲያጥብ አየሁ፣ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም» ብላ ሴቶቹን አሳቀች። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ስጨርስ ግን ወገቤ አልቃና አለ። ብርቄም ተራዋን አጠበችና ወገቧን ያዘች። «ድንጋዩስ እሰይ፤ ግን ዝቅ አለ፣ አቶ ተሰማ» አለች፣ ይህን ጊዜ ሳትስቅ።

የሚስቴ ቁመት ነው፣ አይነካም አልኳት። ተቆጣሁ። ቤት ገባሁ፣ ሦስት ቀን አልወጣሁም።

በሦስቱ ቀን የሰማሁት ያንቺን ድምፅ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ አልተናገርሽኝም። ያስታወስኩት ሁለቱን ስባሪ ድንጋይ ነው፣ ውኃ ጠብ ያደረግሽባቸውን። ያኔም የሚያጥበውን ሰው አልሰማሁም። ካንቺ የቀረኝ ልክ ያ ቁመት ብቻ ነበር፤ ድምፅሽ እየራቀኝ ነው፣ ፊትሽም አንዳንድ ቀን ይጠፋብኛል፣ ቁመትሽን ግን በድንጋይ ይዤው ነበር።

በአራተኛው ቀን መሮዬን ይዤ ሄድኩ። ለገንዳው አራት እግሮች አራት የድንጋይ መደገፊያ ጠረብኩ፣ አንድ ስንዝር የሚሞሉ። ሰው ጠርቼ አስነሥተን ከሥር አስገባናቸው። ብርቄ አጠገቡ ቆመች፣ ክንዷን አስገባች፣ ምንም አላለችም። እሷ ምንም ካላለች ልክ ነው ማለት ነው።

ከአራቱ በአንደኛው ላይ፣ ገንዳው በሚጫነው ፊቱ በኩል፣ ከመግባቱ በፊት ስምሽን ቀርጬበታለሁ። ማንም አያየውም፤ ለማየት አሥራ ስድስት ሰው ያስፈልጋል። የትኛው እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እጄ መሮ እስኪያቅተው፣ ዓይኔ መስመር መለየት እስኪተው ድረስ፣ ቂርቆስ በመጣሁ ቁጥር በዚያ ጥግ በኩል ነው የማልፈው።

ነገ ዘነበች ጋ እገባለሁ። ነጩን ገንዳ ለጣልያኖቹ ትቼላቸዋለሁ።

ባልሽ ተሰማ