ለሁለት እግር ሕግ ከባለ አንድ እግር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ዳግላስ ሪምፔል
የዊሎ ክሮሲንግ ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለሁለቱ ኩላሊቶችዎና ለሁለቱ እግሮችዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታልዎ የኩላሊት እጥበት የማደርግ፣ ግራ እግሬን ስኳር የወሰደብኝ፣ ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የምጽፍልዎም የእጥበት ክፍላችን ተዘግቶ ሩቅ ወዳለችው ሳስካቱን ከተማ እንድንመላለስ ስለታሰበው ጉዳይ «ከልብ ሊያዳምጡን» ከርሊንግ በሚሉት የበረዶ ላይ ጨዋታ አዳራሽ የጠሩትን ክፍት ስብሰባ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ መስተንግዶውን አመሰግናለሁ። ሐኪሞቻችን እንደ መርዝ የሚከለክሉንን ሙዝና የብርቱካን ጭማቂ በየፊታችን ያስደረደሩት፣ የታካሚዎቹን ቁጥር ቀንሰው ክፍሉን ያለ ክርክር ለመዝጋት አስበው ከሆነ፣ ብልህነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ፣ ሁላችንም እኩል እንድንሆን ወንበሮቹ በክብ ተደርድረው ነበር። በመካከላቸው ዊልቸር የሚያስገባ ክፍተት ስላልነበረ፣ እኔ እኩልነቱን ከኮት መስቀያው ሥር ሆኜ ተመለከትሁ።

ሦስተኛው ነው ያንገበገበኝ። ከከተማ ያስመጧት አወያይ ወይዘሪት ቴሳ፣ ደግ ልጅ ናትና ክፉ አልናገራትም፣ ደንቡን አስረዳችን። አጀንዳ የለም፤ የፈለገ ሰው ርዕስ ይዞ አንድ ማዕዘን ላይ ይቀመጣል፤ የመጡት ሁሉ ትክክለኛዎቹ ሰዎች ናቸው፤ ሲያልቅም አለቀ። ከሁሉ በላይ «የሁለት እግር ሕግ» የሚባል አለ፤ የማይማርበት ወይም የማይጠቅምበት ውይይት ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ማንንም ይቅርታ ሳይጠይቅ በሁለት እግሩ ተነሥቶ ወደ ሌላው መሄድ ይችላል። በእጥበት ክፍሉ የወንበር ጎረቤቴ የሆነው አዛውንቱ ገበሬ ሌስተር ቦድናር ብቻዬን እንዳልሆን አጠገቤ ቆሞ ነበርና፣ እግሬን አየት አድርጎ «ማቪስ፣ ላንቺ እኮ የሚሠራው የሕጉ ግማሽ ነው» ቢለኝ በሳቅ ፈረስሁ።

ሌስተር በሕይወቱ ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። ያን ቀን ግን እጁን አወጣና «ክፍሉ ከተዘጋ እኔ ምን ልሁን?» የሚል ርዕስ አስያዘ። እርስዎም መጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ እኔም ለአንድ አፍታ አመንሁዎ። «ጌታዬ፣ በበረዶው ያንን መንገድ በሳምንት ሦስቴ አልችለውም። ዓይኔ ደክሟል፣ የሚያደርሰኝም የለኝም። እዚህ ከዘጋችሁት እጥበቱን አቆማለሁ፤ በቃ» አለዎት። እጥበት ያቆመ ሰው ስንት ቀን እንደሚቆይ ከእርስዎ የተሰወረ አይመስለኝም።

እርስዎ ግን ሰዓትዎን አዩ፤ ፈገግ አሉ፤ «እንግዲህ ሕጉን ልጠቀምበት!» ብለው ተነሡና የሆስፒታሉ አዲስ መናፈሻ ስም ወደሚመረጥበት ማዕዘን ሄዱ። ሌስተር የቀረውን ቃል ለባዶ ወንበር ተናገረ።

ስለዚህ ትናንት ባወጡት መግለጫ «የእጥበት ክፍሉ ጉዳይ በተሳታፊዎች ዘንድ በቂ ፍላጎት አላገኘም» መባሉ አልገረመኝም። መናፈሻው ግን ስም አግኝቷል፤ «የመደማመጥ መናፈሻ» ተብሏልና እንኳን ደስ ያለዎ።

አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ። ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት ቀጣዩን ክፍት ስብሰባ እኛው ዘንድ፣ ማሽኖቹ መካከል ቢያደርጉልን። አራት ሰዓት ሙሉ ክንዳችን ከማሽን ጋር ታስሮ ስለምንቆይ፣ ማናችንም ተነሥተን እንደማንሄድብዎ ቃል እገባለሁ። የሁለት እግር ሕጉ እንደ ወትሮው ለእርስዎ ብቻ ይሠራል።

ለክብርዎ ብድግ ማለት ባትችልም በተቀመጠችበት እጅ የምትነሣዎ፣ ስለ መደመጥ ብዙ ያስተማሯት ታካሚዎ፣
ማቪስ ክላሰን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ለሌስተር ሳነብለት ሐሳቡን እንዳልለወጠ እንድነግርዎ አዘዘኝ። ቀጥሎ ያለውን ቃል በቃል አስጽፎኛልና አንቱታ የጎደለው ከእሱ ነው፤ «በይው፣ ቀብሬም ክፍት ስብሰባ ነው፤ የመጡት ሁሉ ትክክለኛዎቹ ሰዎች ናቸው። እሱም ከመጣ ግን እስኪያልቅ ይቀመጥ፤ ያን ቀን እኔ ብዙ አላወራም።»