በሠልስት የወጡ ስፒከሮች

ጥር 14፣ ጧት

ዛሬም አምፕሊፋየሩን ወለወልኩ። የድሬ አቧራ መች ያልቃል። ባሌ ታደሰ ለሠርግ ያከራየው ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ እከራየዋለሁ የሚል የለም። እኔ ግን አበራዋለሁ፣ አምፖሎቹ እስኪቀሉ እጠብቃለሁ፣ መልሼ አጠፋዋለሁ። ስፒከር የለው፣ ድምፅ አያወጣ።

ስፒከሮቹን ማን እንደወሰደ ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ። የታደሰ ወንድም፣ መኮንን። በሠልስቱ ዕለት፣ እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለቱንም ተሸክሞ በፊቴ ወጣ። ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሳ፤ ለአደራ ነው ብዬ ተውኩት። ሐረር ወስዶ ሸጣቸው። ይባስ ብሎ፣ አርባው ሳይወጣ የባሏን ዕቃ ቸበቸበችው ብሎ ለእናቱም ለዕድሩም አወራ። አማቴ እማማ ይኸው እስከ ዛሬ ደጄን አልረገጡም። ዕድር ስወጣ ሴቶቹ ከጎኔ ፈቀቅ ይላሉ። ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ።

ከዛሬ ጀምሮ መ. ብቻ ነው የምለው። ሙሉ ስም አይገባውም።

ጥር 16፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

እሰይ! ፋጡማ የጫት በርጫዋን አቋርጣ መጣች። ጎረቤቴ ናት፣ ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ ታመላልሳለች፤ የኮንትሮባንድ ወሬ ከእሷ አያልፍም። መ. ለልጁ ለሰናይት ሠርግ አዲስ ስፒከርና አዲስ አምፕሊፋየር አስመጥቶ ኖሯል። ስፒከሮቹ አለፉ። አምፕሊፋየሩን ኬላ ላይ ፊናንስ ፖሊስ ወረሰው። አጨበጨብኩ። ፋጡማ ወላሂ አብደሻል አለችኝ። ልበድ።

ሠርጉ እሁድ ነው። በሰፈሩ ያለው አምፕሊፋየር የኔው አሮጌ ብቻ። ይመጣል። አቦ ይምጣ!

ጥር 17፣ ከምሳ በኋላ

መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ። ስለ ዘመድ፣ ስለ ደም፣ ስለ ታደሰ ነፍስ ያወራል። ምንም እንዳልተፈጠረ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መጀመሪያ ሄደህ ለእናትህ እውነቱን ንገር አልኩት። ከሠርጉ በኋላ አለ። ጅል መሰልኩት።

በሩን ልዘጋበት ነበር። ሰናይት ትዝ አለችኝ። ታደሰ አልጋ በያዘ ጊዜ እግሩን ያጠበች እሷ ናት፤ እሷ ምን አደረገችኝ? እሺ አልኩ። ማሽኑን ግን ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም አልኩት። ደስ ሳይለው ተስማማ።

ጥር 19፣ ቅዳሜ

ከአጥሬ ወዲያ፣ በመ. ግቢ፣ ዳሱ ውስጥ ሙከራ። እሱ የለም፤ የሠርጉን ፈቃድ ሊያስፈርም ቀበሌ ሄዷል።

የአዲሶቹ ስፒከሮች ሽቦ ካሮጌው ማሽን ጋር አልገጥም አለ። ጫፉን ላጥኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ እንደ ታደሰ በምላሴ አርጥቤ አስገባሁት። ሠራ። ጉድ ነው! በድሮዎቹ ስፒከሮች ማይኩን ከንፈር ላይ ካልለጠፉት አይሰማም ነበር። እነዚህ ግን አንድ ክንድ ርቄ ብስል ሳሌን ይዘው ግቢውን አናወጡት። ዶሮዎቹ ተበተኑ።

መ. የሚያውቀው የድሮውን ነው። ልንገረው? ምን ሲደረግ።

ጥር 20፣ እሁድ፣ አመሻሽ

አሁን ገና ቤት ገባሁ። ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ሰዓት እላፊ ስላለ ሠርጉ በቀን ነው። ዳሱ ጢም ብሏል። እማማ ከፊት፣ የዕድሩ ዳኛ ከጎናቸው። መ. ማይኩን ይዞ ልጁን መረቀ። ሁሉን አመሰገነ፤ በግ ያረደውን፣ ጫት ያመጣውን ሳይቀር። እኔን ዘለለኝ። ማይኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ዘፈን ልቀቂ አለኝ፣ እንደ ገረድ።

የማይኩን የድምፅ ቁልፍ ዝቅ አድርጌ፣ የታደሰን ስፒከሮች ማን ሸጣቸው ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኩት። ፊቱ ሲቀላ ቁልፉን ሽቅብ አዞርኩት። መ. ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ነከሰ፦

«የወንድሜን ስፒከሮች እኔ ነኝ የሸጥኳቸው! ምን ታመጫለሽ?»

የገዛ ድምፁ ከግራም ከቀኝም ጮኸበት። ቀና አለ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ዛሬ የሱ አለቀ።

እማማ ተነሱ። ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ ሰው እየገፉ እኔ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ አምኜው ነበር። እኔንም አብረሽ ቅጪኝ።»

ጉልበቴ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። አለቀስን። ከዚያ ለሰናይት ስል ዘፈኑን ለቀቅኩ። ጨፈሩ። መ. ጓዳ እንደገባ ቀረ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጥር 22፣ ጧት

መ. ሽማግሌ ልኳል። ፍርዳቸው፦ በሸጣቸው ምትክ አዲሶቹ ስፒከሮች የኔ ይሁኑ። ተቀበልኩ። ስፒከሮቹንም ማሽኔንም ወዲያው ተሸክመው አስገቡልኝ። ቀጥሎ ይቅር በይው መጣ። ነገ የሠርጉ መልስ ነው፣ ማሽኑንም ስፒከሩንም ለአንድ ቀን አውሺው አሉ። ሳቄ መጣ።

ወስኛለሁ። ከዚህ ቤት አንዲት ሽቦ ወደ እሱ ቤት አትሄድም። መልሱን በጭብጨባ ይወጣው። ሰናይትን ግን አልቀጣም፤ ሐሙስ እሷንና ባሏን እዚህ እጠራለሁ። እማማም እመጣለሁ ብለዋል። እንበላለን፣ እንጨፍራለን። መ. አይጠራም። ከሱ ጋር የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ስፒከሮቹን ከአሁኑ ፊታቸውን ወደ እሱ ግቢ አዙሬ ተክያቸዋለሁ።